ደባል፣ ላስቲክ ቤት፣ ጨረቃ ቤት፦ የመሀል ከተማ ሰፈር ተደራጅቶ ቤት የሚጠይቅበት መንገድ

በአዲስ አበባ አራዳ፣ ልደታ፣ ቂርቆስ ወይም አዲስ ከተማ ውስጥ ያለ የቆየ ሰፈር አራት ዓይነት ነዋሪ አለው። የኪራይ ውሉ በስሙ የሆነ የቀበሌ ቤት ተከራይ አለ። እዚያው ቤት ውስጥ ክፍሉን በኮምፔርሳቶ ለይቶ የሚኖር ደባል አለ። ከግቢው አጥር አስጠግቶ ላስቲክ የወጠረ አለ። ወንዝ ዳር ወይም ክፍት ቦታ ላይ ያለ ፈቃድ ጨረቃ ቤት ያቆመም አለ። ሰፈሩ ለልማት ሲፈለግ ስሙ ከወረዳው ፋይል የሚገኘው የመጀመሪያው ነው፤ ለእሱ ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ሲቀርብለት ቆይቷል። ሌሎቹ ብዙ ጊዜ «መዝገብ ላይ የላችሁም» ይባላሉ።

ይህ መመሪያ በተለይ ለነሱ የተጻፈ ነው፤ ተከራዩም ግን ከነሱ ተለይቶ ብቻውን ባይሄድ ይሻለዋል። ዋናው ሥራ መዝገብ ነው። አራቱንም በአንድ መዝገብ ያሰፈረ ሰፈር የሚናገረው ቁጥር አለው። በየፊናው ወረዳ የሚመላለስ ሰፈር ግን በየመስኮቱ የተለያየ መልስ ይዞ ይመለሳል።

መጀመሪያ ሰዓታችሁን እወቁ

ስብሰባ ከመጥራታችሁ በፊት እጃችሁ ላይ ምን ወረቀት እንዳለ እዩ። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 (በአዋጅ ቁጥር 1336 ተሻሽሏል) የልቀቁ ትእዛዝ የደረሰው ሰው፣ እንዲሁም በሚነሳው ንብረት ላይ መብት ወይም ጥቅም አለኝ የሚል ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካል ማመልከት እንደሚችል ይደነግጋል። ደባል የሚገባበት በር ይኸው «ጥቅም አለኝ የሚል» የሚለው ሐረግ ነው። በውሳኔው ያልተስማማ ደግሞ ውሳኔው በጽሑፍ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ወደ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ይሄዳል።

የጨረቃ ቤት ሰዓት ከዚህ በጣም ያጥራል። የሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 ያለአግባብ ተይዟል ለተባለ የከተማ ቦታ ያስቀመጠው የ7 የሥራ ቀናት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፤ ወረቀቱም ቤቱ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። በ7 የሥራ ቀን ሰፈር መዝግቦ፣ ዝርዝሩን አጣርቶ አቤቱታ ማስገባት አይቻልም። ስለዚህ ወንዝ ዳር ያላችሁ የልማት ወሬ ከመሰማቱ በፊት ጀምሩ።

ትእዛዙ በቃል ብቻ ከተነገራችሁ በዚያው ቀን የነገራችሁን ሰው የሥራ ድርሻ፣ ሰዓቱንና የነበሩትን ምስክሮች ጻፉ፤ በማግስቱ «ትእዛዙ በጽሑፍ ይሰጠን» የሚል ደብዳቤ ለወረዳው አስገቡ። ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ምልክት ወይም ቁጥር ካለም የቤቱ በርና የጎረቤቱ በር አብረው እንዲታዩ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት። ምልክቱ ብቻውን የተነሳ ፎቶ የማን ግድግዳ እንደሆነ አይናገርም።

መዝገቡ

አንድ ባለ 200 ገጽ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ይበቃል። ገጾቹን ከመጀመራችሁ በፊት ቁጥር ስጧቸው፤ ገጽ እንዳይቀደድና በመሀል ስም እንዳይገባ ይረዳል። በእርሳስ አትጻፉ። የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዙና ከጎኑ ፈርሙ።

በእያንዳንዱ መስመር የሚገባው ይህ ነው፦ ተራ ቁጥር፤ የቤት ቁጥር (የሌለው የቅርብ ጎረቤቱን ቁጥር ይዞ «ሀ»፣ «ለ» ይጨመርበታል)፤ የቤተሰብ ኃላፊ ስም እስከ አያት፤ የቤተሰቡ አባላት ከነዕድሜያቸው፤ በቦታው መኖር የተጀመረበት ዓመተ ምሕረት፤ የአኗኗር ዓይነት፤ የክፍሉ ስፋት በሜትር፤ የሥራ ቦታ፤ አረጋዊ፣ የአልጋ ቁራኛ ወይም አካል ጉዳተኛ ካለ፤ እጅ ላይ ያለው ማስረጃ፤ ስልክ፤ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ።

የሥራ ቦታን አትዝለሉ። መርካቶ የሚሸከም፣ ፒያሳ ጀብሎ የሚሠራ፣ በየቤቱ ልብስ የምታጥብ፣ መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ ሰው ቦሌ አራብሳ ወይም ገላን ጉራ ቢሄድ ገቢው እዚሁ ይቀራል። «ከመሀል ከተማ አታርቁን» የሚለው ጥያቄ ክብደት የሚያገኘው ከመዝገቡ ተቆጥሮ «ከ120 አባወራና እማወራ 90ው በእግር የሚደርስበት ቦታ ነው የሚሠራው» ሲባል ነው፤ ያለበለዚያ ልመና መስሎ ይሰማል።

አንድ ቤተሰብ ማለት ምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ። የሚሠራው መለኪያ ምድጃ ነው፤ ለብቻው የሚያበስል ለብቻው ይመዘገባል። ያገባች ልጅ ከባሏና ከልጇ ጋር እናቷ ክፍል ውስጥ በመጋረጃ ተለይታ ብትኖርና የራሷ ማብሰያ ቢኖራት ሌላ ቤተሰብ ናት። ይህ ካልተወሰነ አንዱ መዝጋቢ ሦስት የሚለውን ሌላው አንድ ይለዋል፤ የወረዳው ባለሙያ ደግሞ ልዩነቱን ለመያዝ ጊዜ አይፈጅበትም።

ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ፤ አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ይጻፍ። አንዷ ሴት ብትሆን ይመረጣል፤ ቀን ቤት የምትገኘው ብዙ ጊዜ እናት ናትና። አንድ ቤት 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ አንድ ጥንድ በአንድ ምሽት ከ10 ቤት በላይ ቢገባ መቻኮል ይጀምራል። ሦስት ጥንድ 120 ቤተሰብን በአራት ምሽት ያዳርሳሉ፤ አምስተኛውን ያልተገኙትን ለመፈለግ ተዉት። ከማታ 12 ሰዓት በኋላና እሑድ ከሰዓት ሰው ይገኛል።

የመዝገብ መዝጊያ ቀን ቁረጡ፤ ቀኑም ከመመዝገባችሁ በፊት ይነገር። ሰፈሩ ቤት ሊጠይቅ ነው የሚል ወሬ ሲወጣ በማግስቱ አዲስ ላስቲክ ይወጠራል፣ ከሌላ ክፍለ ከተማ የመጣ ዘመድ «ደባል ነኝ» ይላል። እነሱን መመለስ ያስጨንቃል፤ ቢሆንም አንድ የሐሰት ስም ሌሎቹን 119 ስሞች ያስጥላል። ዝርዝሩን ስምና ተራ ቁጥር ብቻ አድርጋችሁ እድር ቤት ለ7 ቀን ለጥፉ። ተቃውሞ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ፤ ኮሚቴው ቤቱ ድረስ ሄዶ ያጣራ።

ደባሉንና ተከራዩን የሚያጣላው ነገር

ደባል ሲባል ቢያንስ ሦስት ዓይነት ነው፦ ቀበሌው ራሱ በደባልነት የመዘገበው፣ ልጅ ወይም ዘመድ ሆኖ ትዳር መሥርቶ ክፍል የለየ፣ ለተከራዩ በየወሩ ገንዘብ የሚሰጥ። ሦስተኛው ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቀበሌ ቤትን መልሶ ማከራየት ውል ሊያሰርዝ ስለሚችል ተከራዩ መዝጋቢ ሲያይ ይደነግጣል፤ በሩን ይዘጋል ወይም «ከኔ ጋር የሚኖር ሰው የለም» ይላል። ደባሉ በዚያች ቃል ከሰፈሩ ይጠፋል።

መፍትሔው ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ማነጋገር ነው። ለአቤቱታው የሚያስፈልገው ቤተሰቡ እዚያ መኖሩና ከመቼ ጀምሮ እንደሚኖር ነው፤ ማን ለማን ምን ያህል እንደሚከፍል አትጠይቁ፣ አትመዝግቡም። ለተከራዩ የደባሉ ጥያቄ የእሱን ምትክ ቤት የሚቀንስ እንዳልሆነ አስረዱት፤ በአቤቱታውም ላይ «የደባሎች ጥያቄ ከተከራዮች መብት ተለይቶ በተጨማሪነት ይታይልን» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገቡለት። ይህች መስመር ካለች አብዛኛው ተከራይ ይፈርማል።

የግለሰብ ቤት ተከራዮች ደግሞ ሌላ መንገድ አላቸው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። የተመዘገበ ውል ነዋሪነትን ያረጋግጣል፤ አከራዩ ካንገራገረ ዛሬውኑ መጠየቅ ነው፣ ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ የሚመዘግበው የለም።

ማስረጃ ከየት ይመጣል?

የወረዳ መታወቂያ ከቤት ቁጥር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ብዙ የላስቲክ ቤት ነዋሪ የለውም። ፋይዳ ማንነትን ያረጋግጣል፣ የት እንደኖራችሁ ግን ብቻውን አያስረዳም። ስለዚህ ቀንና የሰፈር ስም አብረው ያሉበትን ማናቸውንም ወረቀት ፈልጉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ብዙ ጊዜ ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ የሚገኘው የልጅ የክትባት ካርድ ነው። ጤና ጣቢያው፣ ወረዳው፣ የእናት ስምና በእጅ የተጻፉ ተከታታይ ቀኖች አሉበት፤ ማንም ለቤት ጥያቄ ብሎ ያዘጋጀው ነው ሊለው አይችልም። የሦስት ልጆች ካርድ ጎን ለጎን ሲቀመጥ የአንዲትን እናት የብዙ ዓመት ኑሮ በተከታታይ ያሳያል። የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርድ፣ የክርስትና ካርድ፣ የጤና መድኅን ደብተር፣ የከተማ ሴፍቲኔት ተጠቃሚነት፣ የመብራትና የውሃ ደረሰኝ ይከተላሉ። መብራት ከጎረቤት የሚስቡ ቆጣሪው በስማቸው ስላልሆነ ደረሰኙ የሚረዳቸው ባለቆጣሪው በጽሑፍ ሲያረጋግጥላቸው ነው።

የእድር መዝገብም ጥሩ ነው፤ ግን ደባሎች በተከራዩ ስም ገብተው ሊሆን ስለሚችል ስማቸው ካልተገኘ አትደናገጡ። ለቅሶ ላይ የተመዘገበ መዋጮም ያገለግላል። እድሩ እንደ ተቋም በጥያቄው እንዲፈርም አትጫኑት፤ መሪዎቹ ማኅበሩ ችግር ውስጥ እንዳይገባ ይሰጋሉ። በድንኳኑና በወንበሩ የመጠቀም፣ መዝገቡንም የማየት ፈቃድ ካገኛችሁ በቂ ነው።

ለጨረቃ ቤት ወሳኙ የአየር ምስል ነው። ቢሮዎች ሰነድ አልባ ይዞታ ሲያዩ «በ1997ቱ የአየር ካርታ ላይ አለ ወይ?» ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ላሉት ጉግል ኧርዝን ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ የቀድሞ ዓመታት ምስሎችን ማየት ይቻላል፤ ጣሪያው የሚታይበትን የመጀመሪያ ምስል ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ አትሙት። ምስሉ ላይ ያለው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይራችሁ ከጎኑ ጻፉት። ሁለቱን አቆጣጠር የቀላቀለ አቤቱታ 7 ወይም 8 ዓመት ስለሚዛነፍ ውሸት ይመስላል።

ዋናውን ሰነድ ለማንም አትስጡ፣ ለኮሚቴውም ቢሆን። ኮሚቴው በስልክ ፎቶ አንስቶ በተራ ቁጥሩ ስም ያስቀምጥ፤ አንድ ቅጂ ከሰፈሩ ውጭ የሚኖር የታመነ ሰው ጋ ይቀመጥ። ሰፈር ሲፈርስ ወረቀትም አብሮ ይጠፋል።

ኮሚቴና ገንዘብ

ሰባት ሰው በቂ ነው፦ ሁለት ከተከራዮች፣ ሁለት ከደባሎች፣ ሁለት ከላስቲክና ከጨረቃ ቤት፣ አንድ ጸሐፊ። ከሰባቱ ቢያንስ ሦስቱ ሴቶች ይሁኑ። የተመረጡበት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ቀን፣ ቦታ፣ የተገኘው ሰው ብዛትና ፊርማ ያለበት ቃለ ጉባኤ ከሌለ «ማን ወከላችሁ?» ሲባል መልስ አይኖርም። ወደ ቢሮ ስትሄዱ ከየወገኑ አንድ አንድ ሰው ይኑር። ተከራዮች ብቻ የገቡበት ውይይት ላይ ደባሎች ሳይነሱ ያልቃል።

መዋጮው የፎቶ ኮፒ፣ የሕትመትና የታክሲ ብቻ ይሁን፤ ከአንድ ቤት 20 ወይም 30 ብር። ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፣ ወጪው በየሁለት ሳምንቱ ይነበብ። «ኮንዶሚኒየም አስገባችኋለሁ» ብሎ ሺዎችን የሚጠይቅ ሰው ኮሚቴ ውስጥ ቢሆንም ውጭ ቢሆንም ደላላ ነው። በዚያው ቀን ለሰፈሩ ሁሉ ንገሩ። አንድ ጊዜ ገንዘብ ከተበላ ሰው ለትክክለኛው ጥያቄም አይፈርምም።

ምን ትጠይቃላችሁ?

«ቤት ይሰጠን» ብቻ አትበሉ፤ መልሱ «ተመዝገቡና ቆጥቡ» ይሆናል። ጥያቄው ዋጋውን፣ ቦታውንና ማንን እንደሚያካትት ይናገር።

ዋጋው ዋና ነገር ነው። የ20/80 ኮንዶሚኒየም 20 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ አለው፣ ቀሪው ደግሞ የባንክ ዕዳ ነው። የቀን ሠራተኛ ቁልፉን ተቀብሎ ወርሃዊ ክፍያው ሲያቅተው ቤቱን አከራይቶ እሱ ራሱ ሌላ ቦታ ደባል ይሆናል። ስለዚህ የሚጠየቀው በገቢ ልክ የሚከፈልበት፣ በመንግሥት ባለቤትነት የሚቆይ የኪራይ ቤት ይሁን። ይህ ለከተማው አዲስ ነገር አይደለም፦ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት በቀበሌ ሥር የገቡት ለዚሁ ነበር። ከዚያ በኋላ የቤተሰቡ ቁጥር ሲያድግ በዚያ ልክ የቀበሌ ቤት አልተሠራም፤ ደባል የበዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፣ በአቤቱታው ላይም በሁለት መስመር ሊነገር ይገባዋል።

ቦታን በተመለከተ ሁለት ደረጃ አስቀምጡ፦ በመጀመሪያ እዚያው ሰፈር ወይም በዚያው ክፍለ ከተማ፣ ካልሆነም ሰፈሩ ሳይበታተን በአንድ ቦታ። ለመጀመሪያው ልደታ በምሳሌነት ይጠቀሳል፤ የፈረሰው ሰፈር ቦታ ላይ ኮንዶሚኒየም ተሠርቷል። ለሁለተኛው ደግሞ ውሃ፣ መብራት፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ከመዛወሩ በፊት ሥራ መጀመራቸውን በጽሑፍ ጠይቁ።

የሕግ መሠረቱን አታብዙት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44(2) በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካ ሰው በመንግሥት በቂ እርዳታ መዛወርን ጨምሮ ተመጣጣኝ ካሳ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል፤ ባለይዞታ ብቻ አላለም። አንቀጽ 43(2) ማኅበረሰቡን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ የመመከር መብትን፣ አንቀጽ 90(1) አቅም በፈቀደ መጠን መኖሪያ ቤት የፖሊሲ ዓላማ መሆኑን ይደነግጋል። ሦስቱ ይበቃሉ።

አቤቱታውና መዝገብ ቤቱ

ከሁለት ገጽ አይብለጥ። አካሉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ለ… ክፍለ ከተማ ወረዳ … ቤቶች ልማትና አስተዳደር ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ በኪራይ የሚሰጥ መኖሪያ ቤት ስለመጠየቅ። እኛ በወረዳው … ሰፈር የምንኖር 120 ቤተሰቦች፣ ከነዚህም 46 የቀበሌ ቤት ተከራዮች፣ 51 ደባሎች፣ 23 በላስቲክና በጨረቃ ቤት የምንኖር፣ በ… ቀን ባደረግነው ስብሰባ የወከልናቸው ሰባት ሰዎች በኩል ይህንን እናቀርባለን። 1ኛ. ማንኛውም የማፍረስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁላችንም ያለንበት ቆጠራ በጋራ እንዲካሄድ፤ 2ኛ. የደባሎች ጥያቄ ከተከራዮች መብት ተለይቶ በተጨማሪነት እንዲታይ፤ 3ኛ. አቅማችንን ያገናዘበ የኪራይ ቤት በክፍለ ከተማችን ውስጥ እንዲመቻችልን፤ 4ኛ. ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።»

ሥሩ ላይ ግልባጭ፦ ለክፍለ ከተማው ቤቶች ልማትና አስተዳደር፣ ለአዲስ አበባ ቤቶች ልማትና አስተዳደር ቢሮ፣ ለመሬት ልማትና አስተዳደር ቢሮ፣ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት።

የፊርማ ወረቀቶቹ ላይ በእያንዳንዱ ገጽ አናት የአቤቱታው ርዕስ፣ ቀንና የገጽ ቁጥር ይኑር። ርዕስ የሌለው የፊርማ ወረቀት ለምን እንደተፈረመ አይታወቅም ተብሎ ይመለሳል። ማንበብ ለማይችሉ ጽሑፉ ከነሙሉው ይነበብላቸው፤ አሻራ ሲያደርጉ ያነበበው ሰው ከጎኑ ይፈርም።

ለባለሙያ በእጅ ሰጥታችሁ አትመለሱ። መዝገብ ቤት ግቡ፣ በናንተ ቅጂ ላይ «ገቢ» የሚል ማኅተም፣ ቀንና የመዝገብ ቁጥር ይደረግላችሁ። «አንቀበልም» ካሉ በዚያው ቀን ግልባጩን ለክፍለ ከተማው አስገቡና እዚያ ማኅተም አስደርጉ፤ ወረዳው አልቀበልም ማለቱንም በአንድ መስመር ጨምሩ። ከ15 ቀን በኋላ የመዝገብ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ ማስታወሻ ደብዳቤ ጻፉ። የጋራ አቤቱታ ግን የየግሉን አይተካም፤ የልቀቁ ትእዛዝ የደረሰው እያንዳንዱ ሰው በስሙ፣ በ30 ቀኑ ውስጥ፣ ለአቤቱታ ሰሚው ለብቻው ያስገባ።

ቆጣሪ ሲመጣ

ቆጠራ የሚመጣው ቀን ነው፣ ሰው ሥራ ሲሄድ። ከየብሎኩ አንድ ቀን ቤት የሚውል ሰው መድቡ፤ ቡድኑ ሲገባ ለሌሎቹ ይደውል፣ የሌሉትን ቤት በመዝገቡ እያሳየ «እዚህም ሰው አለ» ይበል። «ዝግ» ተብሎ የታለፈ ቤት በኋላ ለማስገባት ከባድ ነው። የተሞላውን ቅጽ ፎቶ ለማንሳት ጠይቁ፤ ካልተፈቀደ የቅጹን ቁጥር ያዙ።

ባዶ ቅጽ ላይ አትፈርሙ። ያልተስማማችሁበትን ለመቀበል ከተገደዳችሁ ከፊርማችሁ በላይ «ቅሬታዬን እንደጠበቅሁ» ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉ፤ በኋላ «ተስማምተህ ፈርመሃል» ሲባል የሚያወጣችሁ እሱ ነው።

መልስ ካልመጣ

በደረጃ ሂዱ፦ የወረዳው ቅሬታ ሰሚ፣ ክፍለ ከተማ፣ ቢሮ፣ ከዚያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን። ሁለቱ ተቋማት ክፍያ አይጠይቁም፤ የሚፈልጉት ማኅተም ያረፈበትን የደብዳቤ ቅጂ ነው። እናቶች ከኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ማግኘት ይችላሉ። ፍርድ ቤት የሚኬደው የማፍረስ ቀን ሲቀርብ ዕግድ ለመጠየቅ ከሆነ ማመልከቻው ቤቱ ቆሞ ሳለ ይግባ። ከፈረሰ በኋላ ዕግድ የለም፣ የሚቀረው የካሳ ክርክር ነው።

ሰላማዊ ሰልፍ ካሰባችሁ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ዓላማውን፣ ቦታውን፣ ሰዓቱንና የአዘጋጆቹን ስም የያዘ የጽሑፍ ማሳወቂያ ይጠይቃል። በዚህ ጉዳይ ግን ሰባት ሰው መዝገብ ይዞ በባለጉዳይ ቀን ቢገባ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ የቀን ሠራተኛ የዕለት ገቢውን አያጣም፣ ማንም ላይም አደጋ አይደርስም።

የተወሰኑ ቤተሰቦች ቤት ሲያገኙ ከመዝገቡ አትሰርዟቸው። ከተራ ቁጥራቸው ጎን የሄዱበትን ቦታ፣ የብሎክና የቤት ቁጥር፣ ቀኑንና በኪራይ ይሁን በግዢ መሆኑን ጻፉ። ለቀሩት ደባሎች በሚቀጥለው አቤቱታ ላይ «ከኛው ሰፈር ያለ ውል ይኖሩ ከነበሩት ለእነዚህ ተሰጥቷል» ብሎ ተራ ቁጥር መጥቀስ የሚቻለው ይህ ከተያዘ ነው።